የሆርስሊ ሰማያዊ እርሳስ

ስዋንሰን፣ አላባማ
ኦክቶበር 3 ቀን 1937

ለወንድሜ ልጅ ለወይዘሪት ላቪኒያ ትሪብል፤

ሰላምታዬ ከስዋንሰን ጭቃ፣ ሙቀትና ትንኝ ጋር ይድረስሽ። ጌታ እጁን ከራስሽ ላይ አያንሳ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ከሰማዩ ቀድሞ ያውቃል እንጂ ሌላ የማማርረው ነገር የለኝም።

የጥብቅና ፈተናውን ማለፍሽን የሚናገረውን ደብዳቤሽን ፓስተራችን እሑድ ዕለት ለምዕመናኑ አነበበው። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወይዘሮ ፐርሊን ቡን ግን አለቀሱ። «ምነው?» ብላቸው «ልጄን አምና ሲያስሩት የት ነበረች?» አሉኝ። እንግዲህ ገና ሥራ ሳትጀምሪ ዘግይተሻል።

እኔ ጠበቃ መሆንሽ አልገረመኝም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ ዶሮዬን የበላው የእናንተ ውሻ አይደለም ብለሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረሽኛል። የውሻው አፍ ላይ ላባ ነበረበት። ቢሆንም አሳመንሽኝ። እኔም ብሆን እንደምታውቂው የሕግ ሰው ነኝ። ከሟቹ ጠበቃ ቤት ሐራጅ ላይ በሃያ አምስት ሳንቲም የገዛሁትን መጽሐፍ ጫማ ስሰፋ አጠገቤ ዘርግቼ አነባለሁ። የመጀመሪያው ሠላሳ ገጽ ተገንጥሎ ስለጠፋ ሕግ እንዴት እንደሚጀምር አላውቅም፤ እንዴት እንደሚያልቅ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። ፖስታው ላይ «ለአቶ አሞስ ትሪብል» ብለሽ ጽፈሻል። የፖስታ ቤቱ ሹም ክላይድ ሆርስሊ «አቶ» የሚለውን በሰማያዊ እርሳሱ ሰርዞ ነው የሰጠኝ። ለእኛ ለጥቁሮች በሚመጣው ፖስታ ሁሉ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። በሰሜን ብዙ ስለቆየሽ ረስተሽው ይሆናል። እዚህ ነጮቹ «አቶ» ላለማለት ሲሉ «አጎቴ አሞስ» ይሉኛል። በዚህ አያያዝ በአውራጃው ውስጥ አራት ሺህ የወንድምና የእህት ልጆች አሉኝ፤ አንዱም እንኳ ለገና ካልሲ ገዝቶልኝ አያውቅም።

ስለዚህ ሸክሙ ባንቺ ላይ ነው። ባርኔጣ ላኪልኝ፤ ቁጥር ሰባት ተኩል።

አጎትሽ አሞስ


ቺካጎ
ዲሴምበር 11 ቀን 1937

ለተከበሩት አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን እግዜር ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ጀምሬአለሁ። ቢሮዬ ከአሳ መጥበሻ ቤት በላይ ነው። ደንበኞቼ ስለ ጉዳያቸው ሲነግሩኝ ምራቃቸውን ይውጣሉ። የአብዛኞቹ ጉዳይ የቤት ኪራይ ነው፤ በክረምት ከነልጆቻቸው ውጡ የተባሉ ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ፍርድ ቤት ገብቼ ከፊት ስቀመጥ የችሎት ሥርዓት አስከባሪው መጥቶ «ተከሳሾች በዚያ በኩል ናቸው፣ እመቤት» አለኝ። «የተከሳሹ ጠበቃ ነኝ» አልኩት። እየሳቀ ሄዶ ለዳኛው ነገረው። ዳኛውም ሳቀ። ሲስቁ ጠብቄ፣ ሲጨርሱ ተነሥቼ ክርክሬን ጀመርኩ። ሴትየዋ እስከ ግንቦት ቤቷ እንድትቆይ ተፈረደላት።

ባርኔጣውን ልኬአለሁ። ስለ ሆርስሊ የጻፉልኝን አንብቤ ግን በጣም ተናደድኩ። ከእንግዲህ «አቶ» የሚለውን በቀይ ቀለም፣ የፖስታውን እኩሌታ አስይዤ ነው የምጽፈው። ይድከም።

አክባሪዎ ላቪኒያ


ስዋንሰን፣ አላባማ
ኦገስት 17 ቀን 1941

ላቪኒያ ልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ጠላትሽ ይቅለልልሽ። ባርኔጣዬ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከፓስተሩ ባርኔጣ ስለሚበልጥ ትንሽ ቅሬታ አለ።

ሆርስሊን ለማድከም ያሰብሽው መልካም ሐሳብ ነበር፤ ግን ሥራውን ለብቻሽ መተው አልወደድኩም። ስለዚህ ምዕመናኑን ሰብስቤ «ዲትሮይትና ክሊቭላንድ ላሉት ዘመዶቻችሁ ጻፉ፤ መልስ ሲልኩ ማዕረጉን ከፍ ያድርጉት» አልኳቸው። ከፍ አደረጉት። ወይዘሮ ፐርሊን ቡን «ለክብርት» ተብሎ መጣላቸው። ዲያቆን ኤሊሁ ስትሪንገር ዶክተር ሆነ፤ በሕይወቱ ያከመው በቅሎ ብቻ ነው። እኔ ኮሎኔል ሆኛለሁ። ሆርስሊ ሁሉንም ሰረዘ።

መስኮቱ ጋ ቀርቤ «ጌታው፣ በምን ጥፋቴ ነው ከኮሎኔልነት የሻሩኝ?» አልኩት።

«አጎቴ አሞስ፣ ደብዳቤህን ይዘህ ጥፋ!»

«እሺ ጌታዬ። ጡረታዬን ግን የት ነው የምጠይቀው?»

ሰውየው እርሳስ በደርዘን ያስመጣል ይባላል።

ዋናው ወሬ ግን ይኸውልሽ። የጥጥ መዳመጫው ባለቤት አልበርት ትሪብል አለ አይደል፣ አያቱ አያቴን በባርነት ይገዛ የነበረው፤ ስማችንን የወረስነው ከነሱ ነው፣ ሌላ ያወረሱን የለም። በዚያ ሰሞን ከባንክ «ለአቶ አ. ትሪብል» የሚል ፖስታ ይመጣለታል። የሆርስሊ እጅ ደግሞ በእኛ ምክንያት ለምዶበታል። ቸኮለና ሰረዘው።

እኔ ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። አልበርት ፖስታውን አየና ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። «እኔን? ክላይድ፣ እኔን ነው የሰረዝከው?»

«አቶ አልበርት ይቅርታ፣ የአሞስ መስሎኝ ነው!»

«እኔ አሞስን እመስላለሁ?!»

እኔ ጫማዬን እያየሁ ሳቄን ዋጥኩ። ሆርስሊ በማግስቱ ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ጽፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አልበርት ቤት ድረስ በእግሩ ወሰደ። ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

ፖስታዎቹን ማንም እንዳይጥል ብያለሁ። ሰው ሲከፋው አውጥቶ እያየ ይስቃል። እስቲ ደግሞ መነጽር ላኪልኝ፤ የመጽሐፌ ፊደል በየዓመቱ እያነሰ ነው።

አጎትሽ አሞስ


ቺካጎ
ኖቬምበር 20 ቀን 1948

ለተከበሩት አጎቴ፤

ሰላምታዬን የምጀምረው በይቅርታ ነው። ከመጨረሻው ደብዳቤዬ ወዲህ ሁለት ገና አልፏል። መነጽሩ ግን በየዓመቱ እንዲደርስዎ ለባለሱቁ ነግሬው ነበር፤ ደርሶ ይሆን?

እነሆ አሁን ቢሮዬ ከአሳ ቤቱ ተዛውሯል፤ ሁለት ጸሐፊዎች አሉኝ። «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ውል ያለባቸውን ቤቶች ጉዳይ ዘጠኝ ዓመት ተከራክሬ በዚህ ዓመት አሸነፍኩ። ጋዜጣ ላይ ፎቶዬን አወጡት። ፎቶው ላይ የተቆጣሁ እመስላለሁ፤ ያሳመመኝ ጫማዬ ነው። ቺካጎ እንደርስዎ ያለ ጫማ ሰፊ የለም።

ሥራ በዝቶብኛል። አይቀየሙኝ።

አክባሪዎ ላቪኒያ


ስዋንሰን፣ አላባማ
ማርች 9 ቀን 1949

ላቪኒያ ልጄ፤

የአባትሽ አምላክ ይጠብቅሽ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ የባቡሩ አስተናጋጅ ኤፍሬም ጊሌት በኮቱ ኪስ ይዞ ያመጣልሻል። መልሱንም ለሱ ስጪው። የሆርስሊ እጅ አሁን ለቀልድ አይሆንም።

ሮስኮ ባይነምን ታስታውሺዋለሽ፤ እንጨት መሰንጠቂያው የሚሠራውን፣ ከቤቴ ቀጥሎ ያለውን። በጥር ወር የመሰንጠቂያው አለቃ ተገድሎ ተገኘ። ሮስኮ ከሱ ጋር በደመወዝ ተጨቃጭቆ ነበርና ያዙት። ሰውየው በተገደለበት ሰዓት ግን ሮስኮ አሥራ ሁለት ማይል ርቆ የአክስቱ ለቅሶ ላይ ነበር። ሰባ ሰው አይቶታል። እኔም አይቼዋለሁ፤ አጠገቤ ተቀምጦ ሦስት ሳህን ጨርሷል። የሰባዎቻችንም ቃል አልተቆጠረም፤ ሰባዎቻችንም ጥቁር ነን። አሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች፣ ሁሉም ነጭ፣ ገብተው በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሞት ፈርደውበት ወጡ። በኤሌክትሪክ ወንበር፤ ጁን 24 ቀን።

የእኔ መጽሐፍ የሚለውን ልንገርሽ፤ ገጽ 212 ነው። በቀለሙ ምክንያት ሰው ከዳኝነት ከተከለከለ ፍርዱ አይጸናም ይላል። በዚህ አውራጃ ከግማሽ በላይ ነን፤ አንድም ጥቁር ተጠርቶ አያውቅም። የሚጠሩትን ሰዎች ስም ከግብር መዝገብ የሚመርጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ክላይድ ሆርስሊ።

እስከ ዛሬ ባርኔጣና መነጽር ጠይቄሻለሁ። ዛሬ የምጠይቅሽ አንቺን ነው። ነይ።

አጎትሽ አሞስ


ቺካጎ
ኤፕሪል 28 ቀን 1949

ለተከበሩት አጎቴ፤

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የሮስኮ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ይሁንና በአሁኑ ጊዜ ከቺካጎ መውጣት የሚያስቸግረኝ አንዳንድ ጉዳይ አለ። ጥሩ ጠበቃ ፈልጌ እልክላችኋለሁ። ለባቡር መሳፈሪያውና ለማደሪያው እኔ እከፍላለሁ። ለባለቤቱ አይዞሽ በሉልኝ።

አክባሪዎ ላቪኒያ


ስዋንሰን፣ አላባማ
ሜይ 4 ቀን 1949

ለተከበሩት ለወይዘሪት ላቪኒያ ትሪብል፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ይኸው እኔም «እርስዎ» አልኩ፤ ትልቅ ሰው ሊሆኑ ነዋ።

ኤፍሬም ከደብዳቤሽ ጋር የቺካጎ ጋዜጣ አምጥቶልኛል። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ወይዘሪት ትሪብል የከተማዋ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሊሆኑ ነው» ይላል። የላክሽልኝን መነጽር አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ ስለዚህ ዐይኔ አላታለለኝም። «አንዳንድ ጉዳይ» ያልሽው ይኼ ነው? እንኳን ደስ ያለሽ። ብትነግሪኝ ምን አደርግ ነበር? ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር የምጮኸው። የደበቅሽኝ ግን ሹመቱን አይመስለኝም።

ሮስኮን ትናንት እስር ቤት ሄጄ አየሁት። ጫማውን አጥብቄ ልሰፋለት ተቀበልኩት። «አሞስ፣ ጠንከር አድርገህ ስፋው፤ ብዙ የምሄድበት አለኝ» አለኝ። ሃምሳ አንድ ቀን የቀረው ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ።

ሌላ ጠበቃ አትላኪ። ሌላ ጠበቃ ያን ዶሮዬን የበላውን የእናንተን ውሻ አያውቀውም።

አጎትሽ አሞስ


ቺካጎ
ሜይ 13 ቀን 1949

አጎቴ፤

ሰላም ለርስዎ ይሁን። ግማሽ ቀን ተናድጄብዎት ነበር፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሻንጣዬን አወረድኩ።

እውነቱን ልንገርዎት። ሹመቱን ሲሰጡኝ «ደቡብ ወርደሽ እሳት የምትጭሪ ከሆነ ግን ቦታው የለም» ብለውኛል። ሁለት ወር ሙሉ መልስ ሳልሰጥ ተቀመጥኩ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ «ክብሪቱን ይዣለሁ» አልኳቸው። አበቃ።

አሁን ይስሙኝ። ዳኛው የሚፈርድብን መሆኑን ከአሁኑ ይወቁት። እዚያ የምመጣው ለማሸነፍ አይደለም፤ ለማስጻፍ ነው። የሚባለው ሁሉ ቃል በቃል ከተመዘገበ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ይዤው እወጣለሁ። ሦስቱ መራጮች የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ በየአውራጃው አንድ ነው። «መዝገቡ ላይ የምናየው ስም ብቻ ነው፤ የስሙ ባለቤት ጥቁር ይሁን ነጭ አናውቅም» ይላሉ። መሐላ ፈጽመው ይሉታል።

እነዚያን ፖስታዎች አልጣላችኋቸውም አይደል? ከየቤቱ ያሰባስቡልኝ። አንድም እንዳይቀር።

እርስዎ ግን አይመስክሩ፤ እለምንዎታለሁ። ፖስታውን ሌላ ሰው ያቅርበው። እኔ በማግስቱ ባቡር እሳፈራለሁ፤ እርስዎ እዚያው ነዎት።

አክባሪዎ ላቪኒያ


ስዋንሰን፣ አላባማ
ሜይ 22 ቀን 1949

ላቪኒያ ልጄ፤

እግዜር እንዲህ ያናድድሽ። ደብዳቤሽን ሮስኮ ዘንድ ወስጄ አነበብኩለት። ክብሪቱ ጋ ስደርስ ጠባቂው ምን ሆናችሁ እስኪል ድረስ ሳቅን።

ፖስታዎቹ አራት መቶ አሥራ አንድ ናቸው፤ በዱቄት ከረጢት ሞልተው አልጋዬ ሥር ተቀምጠዋል። ዲያቆን ኤሊሁ የሱን ለመስጠት ተንገራግሮ ነበር፤ «ዶክተር» የሚለው ደስ ብሎት ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።

አትመስክር ያልሽኝን ምክር ተቀብዬ፣ አክብሬ፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ኮሎኔሉ እኔ ነኝ፤ ማን ሊመሰክር ነው?

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሥራዬን ከሱቁ ወደ ቤቴ በረንዳ አዛውሬአለሁ። ነፋሱ ይሻላል።

አጎትሽ አሞስ


ቺካጎ
ጁን 15 ቀን 1949

ለተከበሩት አጎቴ፤

ያን ዕለት ችሎቱ እንዳለቀ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኘኝ። ለክብሬ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ሳንሰናበት ተለያየን። ምስክር ስለነበሩ ተራዎ እስኪደርስ በጓሮ አስቀምጠውዎታል፤ ሆርስሊ ሲጠየቅ አላዩም። እንዳየሁት አድርጌ ልጻፍልዎት፤ ይገባዎታል።

ዳኛው ገና ከመጀመሪያው «እሺ ላቪኒያ፣ ቀጥይ» አለኝ። ነጮቹን ጠበቆች «አቶ» ይላል። «ጸሐፊው ክቡር ዳኛው የጠሩኝን እንደጠሩኝ ይመዝግብልኝ» አልኩ። በአንድ ቀን አሥራ ሰባት ጊዜ ላቪኒያ አለኝ፤ አሥራ ሰባት ጊዜ ይመዝገብልኝ አልኩ።

ሆርስሊ መሐላውን ፈጸመና እንዳልኩዎት አደረገ። «እኔ የማየው ስም ነው። ስም ቀለም የለውም» አለ። ታች የተቀመጡት ነጮች ሳቁለት።

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ሰገነቱ ላይ ያሉት የእኛ ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይህ ሰማያዊ እርሳስ የማን ነው?»

«የእኔ ሊሆን ይችላል።»

«እዚህ ፖስታ ላይ ፊት ተስሏል?»

«የምን ፊት?»

«ስም ብቻ ነው ያለው ማለት ነው። ታዲያ ባለቤቱ ጥቁር መሆኑን በምን ዐወቁና ሰረዙ?»

ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ግን በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት ፖስታ አድያለሁ!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «በዚህ አውራጃ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ነጩንም ጥቁሩንም፣ ከነስሙ ዐውቀዋለሁ። አንድም ሰው ተሳስቼ አላውቅም!»

ዐቃቤ ሕጉ ግንባሩን ያዘ። እኔ ደግሞ አልበርት ትሪብልን አስጠራሁ። የጥጥ መዳመጫው ባለቤት ለጥቁር ምስክር ሆኖ መጠራቱ አንገብግቦት ነበር፤ ስምንት ዓመት ያቆየው ቂም ግን ባሰበት። «አንድ ጊዜ ተሳስቷል!» ብሎ ጮኸ። «እኔን ከነሱ ጋር ቆጠረኝ! ማንነቴን በደንብ ያውቃል! እያንዳንዳችንን ያውቀናል! ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል!» ጸሐፊው እያንዳንዷን ቃል ጻፈው።

የእርስዎን ምስክርነት ግን እስከምሞት አልረሳውም። ዐቃቤ ሕጉ «አጎቴ አሞስ» ሲልዎት ዞር ብለው በደንብ አዩትና «ወንድሜ አንድ ልጅ ብቻ ነው የወለደው፤ እሷም ያቻትና» አሉት። ሰገነቱ ላይ የሳቀ ሁሉ ይውጣ ተባለ። አንድም ሰው አልወጣም።

ዳኛው እንደጠበቅነው ፍርዱ ይሰረዝ የሚለውን ጥያቄያችንን ውድቅ አደረገው። የላይኛው ፍርድ ቤት እስኪያየው ግን የሞት ቅጣቱ ታግዷል። ጁን 24 ቀን ሮስኮ ቁርሱን ይበላል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሸሪፉ መኪና በሱቅዎ በኩል ሲያልፍ በሩ ላይ ጣውላ ተቸንክሮበት አየሁ። መስኮቱም የለም። ነፋሱ ይሻላል ብለው ነበር የጻፉልኝ። እኔ ሹመቴን ብደብቅዎት አገላብጠው ገረፉኝ፤ እርስዎስ? ባዶ ክፍል አለኝ። ቺካጎ ይምጡ።

አክባሪዎ ላቪኒያ


ስዋንሰን፣ አላባማ
ዲሴምበር 8 ቀን 1950

ላቪኒያ ልጄ፤

ሰላምና በረከት፣ ከሙሉ ጉልበት ጋር። በሁለቱም እግሬ ደህና ነኝ።

ቺካጎ ና ስትዪኝ ይህ ሦስተኛ ጊዜሽ ነው፤ መልሴም ሦስተኛ ጊዜ ያው ነው። በረንዳዬ ላይ ከሱቄ የበለጠ ጫማ ይመጣል። ነጮቹም በጓሮ በኩል በሠራተኞቻቸው እጅ ይልካሉ፤ የዳኛው ጫማ አሁን እግሬ ሥር ነው። ተረከዙ በአንድ ጎን ያልቃል፤ እንደ ፍርዱ ያዘነብላል።

የላይኛው ፍርድ ቤት የፊተኛውን ፍርድ ከሰረዘ በኋላ በኦክቶበር እንደገና በተደረገው ክርክር ላይ አንቺም ነበርሽ፤ ዲያቆን ኤሊሁና ገበሬው ዊሊስ ኖክስ ከአሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች መካከል ሲቀመጡ አይተሻል። ያላየሽው አለ። አንቺ ሮስኮ አጠገብ ሆነሽ ውሳኔ ስትጠብቂ፣ እኔ የጓሮ ደረጃው ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለቱ እስኪወስኑ ድረስ አይነጣጠሉም፤ ከጥንት ጀምሮ ደግሞ የሚበሉት ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ነው። ሆቴሉ ጥቁር አያስገባም። ሸሪፉ ላብ በላብ ሆኖ «ሁለቱ በኩሽና በር ገብተው እዚያው ይብሉ» አለ።

ዳኛው ከውስጥ ጮኸበት፦ «አይሆንም! ተለያይተው ከበሉ ያቺ ሴትዮ ታስጽፈዋለች!»

ሰማሽ? ቆፍጣና ዳኛ ነው፤ በሌለሽበት ፈራሽ።

በመጨረሻ ምግቡ ወደ አሥራ ሁለቱ ክፍል እንዲገባ ሆነ። ለሁለት ቀን የሚያበስል ደግሞ ወይዘሮ ፐርሊን ቡን ብቻ ተገኙ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ። አሥራ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ዲያቆን ኤሊሁ «እንጸልይ» አለ። የዲያቆኑን ጸሎት ታውቂዋለሽ። ስምንት ደቂቃ ሙሉ፣ ዐሥር ነጮች ሹካቸውን አንሥተው፣ ዶሮው እየቀዘቀዘ፣ ስለ ሕዝበ እስራኤልም ስለ ፈርዖንም ሰሙ። ምናልባት ያ ጸሎት ይሆናል፣ ምናልባትም የሰባዎቻችን ምስክርነት፤ ብቻ አሥራ ሁለቱም ካልተስማሙ ፍርድ የለምና፣ ስምንት ለአራት ተለያይተው ሲወጡ ሁለት ነጮች ከእኛዎቹ ጋር ነበሩ። አንደኛው ሚስማር ሻጩ ነው። እስከ ዛሬ በሱቁ በር ማንም ነጭ አያልፍም፤ እኛ ግን ሚስማር በብዛት ያስፈልገናል እያልን እንገዛዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዐቃቤ ሕጉ እንደገና ከመሞከር ይልቅ ክሱን እንዳነሣ በቴሌግራም ነግረውሻል። ትናንት ሮስኮን ሊፈቱት ወደ ፍርድ ቤቱ አመጡት። ሸሪፉ ካቴናውን ፈታና «በቃ ሮስኮ፣ ሂድ» አለው።

ሮስኮ ሄዶ ፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ታች፤ ነጮቹ የሚቀመጡበት።

«ምን ሆነሃል? ሂድ ነው የምልህ፤ ተፈተሃል።»

«ወረቀት ስጡኝ» አለ።

«የምን ወረቀት?»

«ልትገድሉኝ ስትሉ ወረቀት ነበረው። ሦስት ማኅተም ያለበት። ተፈታ የሚል ደግሞ እፈልጋለሁ። ካልሆነ ነገ ትረሱታላችሁ።»

«እኔ በአፌ እየነገርኩህ!»

«በአፍህማ ብዙ ነገር ነግረኸኛል።»

ሸሪፉ ተሳደበ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ምሳዬ ደርሷል አለ። ሮስኮ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሚስቱ መጣች፤ ከዚያ ወይዘሮ ፐርሊን፤ ከዚያ ዲያቆኑ። ወሬው ወጥቶ ኖሮ ሰው በፊት ለፊቱ በር አንድ በአንድ እየገባ ታች ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ተቀመጥን። ቦታው ሲሞላ የመዝገብ ቤቱ ሰው ምሳውን ትቶ የጽሕፈት መኪናውን ሲያንቋቋ ሰማን።

ወረቀቱ መጣ። አምስት መስመር ነው፤ ከነማኅተሙ። ሮስኮ ተቀብሎ ገለባበጠውና ለእኔ ሰጠኝ። «አንብብልኝ» አለ። አነበብኩለት። «ሮስኮ ባይነም በነፍስ ግድያ ተከሶ የነበረ ሲሆን፣ ክሱ የተነሣለት በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ሰው ነው።»

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩለት።

ወረቀቱን አጥፎ ከደረት ኪሱ ሊከት ነው ብዬ ስጠብቅ መልሶ ሰጠኝ። «አሞስ፣ አንድ ጊዜ ቆመህ አንብበው። ሸሪፉ ከኋላ ነው ያለው፤ አልሰማ ይሆናል።»

ቆምኩ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ለሸሪፉ ሳይሆን ለወረቀቱ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሹክሹክታ ተነጋግሬ ነበር። አሁን ግን መስኮቱ እስኪነዝር ድረስ አነበብኩት።

ሰማ።

አጎትሽ አሞስ